የሚያጎላ እንጂ የሚፈጥር አይደለም
ስለ መኪና የስልክ ኔትወርክ ማጠናከሪያና በቤት ስለሚቀር ሰው

ከቤቱ የሚወጣ መንገደኛ ብቻውን የሚሄድ ይመስለዋል እንጂ ብቻውን አይሄድም። የእናቱ ጸሎት፣ የሚስቱ ሐሳብ፣ የልጆቹም ጥያቄ ይከተለዋል። እርሱ በየደረሰበት አዲስ ነገር ስለሚያይ ጊዜው ያጥርለታል፤ በቤት የቀረው ሰው ግን የሚያየው ሰዓቱንና በሩን ብቻ ነውና ጊዜው ይረዝምበታል። አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ፣ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ጎረቤቱን ተሰናብቶ፣ ከነፍስ አባቱ ቡራኬ ተቀብሎ፣ የሚያድርበትንም ቦታ አንድ በአንድ ተናግሮ ይወጣ ነበር። ዛሬ ግን ሁላችንም በኪሳችን ስልክ ስለ ያዝን፣ «እደውላለሁ» የምትለው አንዲት ቃል የዚያን ሁሉ ስንብት ቦታ ወሰደችው።

በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህችው ቃልና እርስዋን ያጸናል ተብሎ ስለሚሸጥ አንድ መሣሪያ እንነጋገራለን። መሣሪያው በመኪና ላይ የሚተከል የስልክ ኔትወርክ ማጠናከሪያ ነው፤ በገበያ ቡስተር ይሉታል። ይህ መጽሔት ከአገር ቤት አልፎ በባሕር ማዶ፣ ይልቁንም በሰሜን አሜሪካ በሚኖሩ ምእመናን ቤት የሚነበብ ስለ ሆነ፣ በዚያም አገር ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ምድረ በዳና ወደ ተራራ የሚወጡ አባቶች ስላሉ፣ ጉዳዩ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። እኔም የምጽፈው ከሰው የሰማሁትን ብቻ ሳይሆን በራሴ ጥፋት የተማርሁትን ጭምር ነው።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር ከተማ በሚኖረው በታናሽ ወንድሜ ቤት በእንግድነት ተቀምጬ ነበር። ወንድሜ አራቱም ጎማው የሚሠራ ያገለገለ መኪና ገዝቶ፣ በጣራውም ላይ ይህን ማጠናከሪያ አስተክሎ ነበርና «ምድረ በዳ ምን እንደ ሆነ ላሳይህ» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ግዛት ወደ ዩታ ሊወስደኝ አሰበ። የዘጠኝ ዓመት ልጁም ከእኛ ጋራ እንዲሄድ ተፈቀደለት። በማለዳ ልንነሣ ስንል የወንድሜ ሚስት ወረቀትና እርሳስ ይዛ ወደ ደጅ ወጣች።

«ጋሼ፣ እባክዎ የምትሄዱበትን መንገድ በዚህ ላይ ይጻፉልኝ» አለችኝ።

እኔ ገና መልስ ሳልሰጥ ወንድሜ ሣቀና ወደ መኪናው ጣራ አመለከታት። «ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣሁት ለምን ይመስልሻል? ከምሽቱ በ2 ሰዓት እንደውልልሻለን» አላት። እኔም በታላቅነቴ «ልክ ብላለች፤ ጻፍላት» ማለት ሲገባኝ፣ ለመሄድ ቸኵዬ ነበርና ዝም አልሁ። ወረቀቱ ባዶውን በእጅዋ ቀረ።

ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአስፋልት ተጕዘን ግሪን ሪቨር ከምትባል ትንሽ ከተማ ደረስን። ከዚያች ከተማ ወደ ምዕራብ ሳላይና እስከምትባለው ከተማ ድረስ በታላቁ አውራ ጎዳና ላይ 177 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳጅ የሚቀዳበት ጣቢያ የለም። ከአውራ ጎዳናው ወጥተን ወደ ሰሜን የሚወስደውን የፒስታ መንገድ ያዝን። አገሩ ሳን ራፋኤል ስዌል ይባላል፤ ምድሪቱ ከሥርዋ ተገፍታ እንደ ጀርባ ያበጠችበት፣ ኋላም ውኃ እየቦረቦራት ገደልና ሸለቆ የሆነችበት የዐለት አገር ነው። ስሙን የወሰደው ከቅዱስ ሩፋኤል መሆኑን ለልጁ ስነግረው እጅግ ደስ አለው። በ1937 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተሠራውን የተንጠልጣይ ድልድይ አይተን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)፣ ባክሆርን ወደሚባለው ሸለቆ ገባን። በዚያ በዐለቱ ግድግዳ ላይ ከ2,000 ዓመት በፊት እንደ ተሳሉ የሚነገርላቸው የሰው ቅርጾች አሉ። እነርሱን ስናይ ጊዜው ሄደ።

መንገዱ የደረቀውን ወንዝ ብዙ ጊዜ ያቋርጠዋል። በእኛ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ በሩቅ ተራራ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ በፊታችን መጣና መሻገሪያውን ዘጋብን። ወደ ኋላ እንዳንመለስም ከበስተኋላችን ሌላ መሻገሪያ ነበረ፤ መሽቶም ነበርና ከወንዙ ርቀን ከፍ ካለ ስፍራ መኪናችንን አቁመን ማደር ግድ ሆነብን። ወንድሜ ያን ጊዜ «እንግዲህ መሣሪያው ሥራውን ይሥራ» ብሎ ስልኩን አወጣ። ስልኩ ግን ኔትወርክ የለም ይል ነበር። ማጠናከሪያው ላይ አረንጓዴ መብራት በርቷል። ወንድሜም መብራቱን እያሳየኝ «ይሠራል እኮ» ይለኝ ነበር። በእውነትም ይሠራ ነበር፤ የሚያጠናክረው ነገር ግን አላገኘም።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆነ፤ 3 ሰዓትም ሆነ። ምግብና ውኃ ነበረን፤ ልጁም ብርድ ልብስ ለብሶ በኋላ ወንበር ተኝቶ ነበር። እኛ ደኅና እንደ ሆንን እናውቃለን፤ በዴንቨር ያለችው ግን አታውቅም። ተኝቷል ስንለው የነበረው ልጅ በጨለማው ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አጎቴ፣ እማዬ አሁን ምን ታስባለች?» አለኝ። ብዙ ዘመን ሳስተምር ከተማሪ የተጠየቅሁትን ጥያቄ ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ መልሻለሁ፤ ለዚህች ግን መልስ አጣሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጎርፉ ጎደለ። ሸለቆውን አልፈን ዌጅ ወደሚባለው አምባ ወጣን፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ቍልቍል ሲያዩት ወንዙ ከ350 ሜትር በላይ ወደ ታች ርቆ ይታያል። በዚያ ከፍታ ላይ ስልኩን ከመኪናው ወደ ውጭ አውጥተን ስናየው፣ ምልክቱ አንድ ጊዜ ይታያል፣ አንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ለመደወል ብንሞክርም አልሆነም። መልሰን ወደ መኪናው አግብተን በማጠናከሪያው የውስጥ አንቴና አጠገብ ስናስቀምጠው ግን ምልክቱ ጸና። «ሦስታችንም ደኅና ነን፤ ጎርፍ ከልክሎን ነው» የሚል አጭር መልእክት ላክን። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። ወንድሜ ሲያነሣው ከወዲያ የተሰማው ቃል ሳይሆን ልቅሶ ነበር።

በኋላ እኔን ጠየቀችና እንዲህ አለችኝ፤ «ጋሼ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለፖሊስ ደውዬ ነበር። በየትኛው መንገድ ነው የሄዱት? የትስ ነው የሚያድሩት? አሉኝ። ‹ዩታ› ብቻ አልኋቸው። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም።» ዩታ ከ200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ግዛት ነው። እኛ አንድ ወረቀት ከመጻፍ ስለ ሰነፍን፣ ያች ሴት ባልዋንና ልጅዋን በዚያ ሁሉ አገር ላይ በሐሳብዋ ስትፈልግ አደረች።

እንግዲህ መሣሪያው ጥፋተኛ ነውን? አይደለም። ጥፋቱ መሣሪያው የሚሠራውንና የማይሠራውን ሳናውቅ፣ በእርሱ ምክንያት ሌላውን ጥንቃቄ ሁሉ የጣልነው የእኛ ነው። ስለዚህ አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት።

ማጠናከሪያው ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው በመኪናው ጣራ ላይ የሚተከለው የውጭ አንቴና ነው፤ ሁለተኛው ከመኪናው ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ማጉያ ነው፤ ሦስተኛው በመኪናው ውስጥ በስልኩ አጠገብ የሚቀመጠው ትንሽ አንቴና ነው። የውጭው አንቴና ከስልክ ማማው የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ተቀብሎ በገመድ ወደ ማጉያው ይሰድዳል፤ ማጉያው አበርትቶ በውስጠኛው አንቴና ለስልካችን ይሰጣል። ስልካችን ሲመልስ ደግሞ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ይሄዳል። በሁለት ኰረብታ ላይ ቆመው መደማመጥ ላቃታቸው ሰዎች በመካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው ከፍ ባለ ድምፅ እንደሚያደርስ ሰው ማለት ነው።

ይህ የመልስ መንገድ ብዙ ሰው የማያስበው ትልቅ ጥቅም አለው። ማማው ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ በብርቱ ኀይል ይናገራል፤ የእጅ ስልካችን ግን ብዙውን ጊዜ ከፍ ቢል የአንድ ዋት አንድ አምስተኛ በሆነ ኀይል ነው የሚመልሰው። በአሜሪካ ሕግ የተፈቀደው ማጠናከሪያ እስከ አንድ ዋት ድረስ ሊልክ ይችላል። ደግሞም የመኪናው ብረት ራሱ ሞገድን ይከለክላልና፣ አንቴናው ከብረቱ ውጭ በጣራ ላይ መሆኑ ብቻውን ጥቂት አይጠቅምም አይባልም።

የማጉላቱ ልክ በዴሲቤል ይቈጠራል። 10 ዴሲቤል ማለት አሥር እጥፍ፣ 20 ማለት መቶ እጥፍ፣ 30 ማለት ሺህ እጥፍ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለሁሉም የስልክ ኩባንያዎች ሞገድ ለሚያገለግል የመኪና ማጠናከሪያ የወሰነው ከፍተኛው ልክ 50 ዴሲቤል ነው፤ ይህም መቶ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው «መቶ ሺህ እጥፍ ካጎላ ምን ይሳነዋል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ይህን ጥያቄ ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ ብናቀርብለት ያርመናል። ዜሮ በመቶ ሺህ ቢባዛ ስንት ነው? ዜሮ ነው። በባክሆርን ሸለቆ ውስጥ የነበረን ነገር ዜሮ ነበር። የስልክ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ለመሄድ ያዘነብላልና፣ የዐለት ግድግዳ በመካከል ሲቆም ጥላ ይጥላል፤ እኛም በዚያ ጥላ ውስጥ ነበርን። በአምባው ላይ ግን አንድ ጭላንጭል አገኘን፤ እርስዋን መሣሪያው አበዛት።

ከትምህርተ ሃይማኖት እንደ ተማርነው፣ እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ፣ ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት የእግዚአብሔር ብቻ ነው። የሰው እጅ ሥራ ሁሉ ያለውን ሊያበዛ፣ ሊያጎላ፣ ሊያቀና ይችላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። በመጽሐፈ ነገሥት የምናነባት ያች መበለት ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ በጮኸች ጊዜ፣ ነቢዩ አስቀድሞ የጠየቃት በቤትዋ ምን እንዳላት ነበር። ጥቂት ዘይት ነበራት፤ በረከቱም በዚያችው ላይ መጣ። እኛም መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፤ በምንሄድበት አገር የሚጎላ ነገር አለን?

መሣሪያው የሚጠቅምበት ቦታ እንግዲህ የታወቀ ነው። የኔትወርኩ ዳርቻ ላይ፣ ምልክቱ መጣሁ ሄድሁ በሚልበት ስፍራ፣ ቃል እየተቈራረጠ በሚያስቸግርበት መንገድ ላይ እውነተኛ ረዳት ነው። ከዚያ ዳርቻ ወዲያ ማዶ፣ ማማ በሌለበት ምድረ በዳና በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ግን ከጣራ ላይ ከታሰረ ብረት የሚሻል አገልግሎት የለውም።

ስለ አተካከሉም አንድ ነገር ልናገር። በዐውደ ምሕረት ላይ ሰባኪው ማይክሮፎኑን ይዞ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚሰማውን ያን ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ሁላችን እናውቀዋለን። ማጉያው ያወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል፤ እንደ ገና ይጎላል፤ እንደ ገና ይመለሳል፤ በመጨረሻ ጩኸት ብቻ ይሆናል። የውስጡና የውጭው አንቴና ሲቀራረቡም በዚህ መሣሪያ የሚደርሰው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ጩኸቱን የሚሰማው የእኛ ጆሮ ሳይሆን የስልክ ማማው መሆኑ ነው። ስለዚህ በሕግ የጸደቀ መሣሪያ ይህን ባወቀ ጊዜ ኀይሉን ይቀንሳል ወይም ራሱን ይዘጋል። የውጭው አንቴና በብረት ጣራው መካከል ቢሆን መልካም ነው፤ ብረቱ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ግድግዳ ይሆናልና። የውስጠኛው ደግሞ ከስልኩ አጠገብ ይሁን፤ ከሰው አካል ግን ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ማለት አንድ ስንዝር ያህል፣ መራቅ እንዳለበት መመሪያው ያዝዛል።

ከዚህ በላይ በወጣበት አገር ሕግ አለው። የአሜሪካው ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ማጠናከሪያ የሚገዛ ሰው የጸደቀውን ዐይነት መርጦ፣ ከመጠቀሙ በፊት በሚገለገልበት የስልክ ኩባንያ ዘንድ ማስመዝገብ አለበት፤ የሌላውን ሰው ኔትወርክ ካወከም እንዲያጠፋ ቢታዘዝ ማጥፋት ግዴታው ነው። በመሣሪያው ላይ ከሚለጠፈው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ የቤተ ሰብ አባት ሊያነበው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በማጠናከሪያው በኩል ወደ 911 የተደወለ እንደ ሆነ፣ የደዋዩ መገኛ ቦታ ላይታወቅ ወይም በስሕተት ሊታወቅ ይችላል። ስለዚህ ለእርዳታ የሚደውል ሰው «ያለሁበትን ያውቁታል» ብሎ ሳይተማመን፣ የመንገዱን ስምና በስልኩ ካርታ ላይ የሚታየውን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቍጥር በራሱ አፍ ይናገር። ይህን ቍጥር እንዴት እንደሚያገኝ የሚማረው ግን በቤቱ ሳለ ነው እንጂ በገደል አፋፍ ላይ ቆሞ አይደለም።

በምድረ በዳና በተራራ መካከል አንዲት ደካማ ምልክት ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ለማስረዳት በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት በ2006 የደረሰውን ላንሣ። በኅዳር ወር አንድ አባት ከሚስቱና ከሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቹ ጋራ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲሄድ፣ ሊገባበት የነበረውን መታጠፊያ አለፈና በተራራ ላይ በሚያልፍ ሌላ መንገድ ገባ። በሌሊትና በበረዶ መካከል ከዋናው መንገድ ወጥተው እንጨት ቈራጮች በሚመላለሱበት የጫካ መንገድ ላይ ቀሩ። ስልካቸው አይሠራም ነበር። ለመሞቅ የመኪናቸውን ጎማ ሳይቀር አነደዱ። መጥፋታቸው የታወቀው ከቀናት በኋላ ነበር።

በዚያ አካባቢ ባለ አንድ የስልክ ኩባንያ የሚሠሩ ሁለት ባለሙያዎች በገዛ ፈቃዳቸው መዝገባቸውን መመርመር ጀመሩ። የዚያ ቤተ ሰብ ስልክ በጠፉበት ሌሊት፣ ለአንድ አፍታ ብቻ ከአንድ ሩቅ ማማ ጋራ ተገናኝቶ አጭር መልእክት እንደ ተቀበለ አገኙ። ያ ማማ ከተራራው የትኛውን ወገን ሊያይ እንደሚችል በካርታ አስልተው ፍለጋው ወደዚያ እንዲያተኵር አደረጉ። እናቲቱና ሁለቱ ልጆች ታኅሣሥ ከመግባቱ በፊት፣ እንደ እነርሱ አቈጣጠር በዲሴምበር 4 ቀን፣ በሕይወት ተገኙ። አባትየው ግን ከሁለት ቀን በፊት እርዳታ ሊፈልግ በእግሩ ወጥቶ ነበርና በዲሴምበር 6 ቀን ሞቶ ተገኘ። በፍቅር የሄደ አባት ነው፤ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ለእኛ የተረፈን ትምህርት ግን ሁለት ነው። አንዲት ቅጽበት የቆየች ምልክት የሦስት ነፍስ መትረፊያ ልትሆን ትችላለች፤ መኪናም ከሰው ይልቅ ከሩቅ ይታያልና ከእርሱ አለመራቅ ይሻላል።

ስለዚህ ወደ ምድረ በዳ ለሚወጣ ቤተ ሰብ የሚከተለውን እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ከመነሣትህ በፊት መንገድህን ጻፍ። የምትሄድበትን ጎዳና፣ የምታድርበትን ስፍራ፣ የመኪናህን ዐይነትና ሰሌዳ ቍጥር፣ የምትመለስበትንም ቀን ጽፈህ በቤት ለሚቀረው ሰው ስጥ።

ሁለተኛ፣ ሁለት ሰዓት ወስን። የመጀመሪያው «እደውላለሁ» የምትለው ነው፤ ሁለተኛው «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልሁ ለእርዳታ ደውሉ» የምትለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ስልክ በማይሠራበት ስፍራ ለሚያጋጥም መዘግየት የተተወ ስለ ሆነ፣ በቤት ያለው ሰው ያለ ፍርሃት ሊጠብቅ ይችላል። ሁለተኛው ሰዓት ሲደርስም እጠየቃለሁ ብሎ ሳያፍር ይደውላል።

ሦስተኛ፣ ምልክት ስታጣ ደኅና ከሆነና መንገዱ ከፈቀደ ወደ ከፍታ ውጣ፤ ቆመህም ሞክር። ቃል የማያልፍበት ደካማ ምልክት አጭር መልእክትን ሊያሳልፍ ይችላልና አስቀድመህ ጻፍ። ስልክ ማማ በከንቱ ሲፈልግ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ምንም በሌለበት ሸለቆ ውስጥ ዝጋው።

አራተኛ፣ ማማ ወደሌለበት አገር የምትሄድ ከሆነ ከማማ ይልቅ ወደ ሰማይ የሚናገር መሣሪያ ያዝ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ አንዳንድ የእጅ ስልኮች በሳተላይት የእርዳታ መልእክት መላክ ችለዋል። በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የአደጋ ጊዜ ምልክት ሰጪም አለ፤ እርሱን የሚሰማው የሳተላይት ማኅበር ከ1982 ጀምሮ የሰው ነፍስ ሲያድን ኖሯል። እነዚህም ቢሆኑ ሰማዩን በግልጥ ማየት ይፈልጋሉ፤ በጠባብ ገደል ውስጥ ይዘገያሉ።

አምስተኛ፣ ውኃ፣ ምግብ፣ ልብስና የተነፋ ትርፍ ጎማ አትርሳ። ከሁሉ የተሻለው የስልክ ጥሪ እንኳ ረዳቱ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ጥም አያረካም።

በአገር ቤት ላሉት አንባብያን ደግሞ አንድ ቃል ልጨምር። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመድ «ለገጠር መንገድ ይጠቅማችኋል» ብሎ እንዲህ ያለውን መሣሪያ በሻንጣው ይዞ ሊመጣ ያስብ ይሆናል። ሐሳቡ የፍቅር ነው፤ ነገር ግን በአሜሪካ ሞገድ ልክ የተሠራ መሣሪያ በእኛ አገር ሞገድ ላይ እንደ ሚገባ ላይሠራ ይችላል፤ የሬዲዮ ሞገድ የሚያወጣ መሣሪያም ፈቃድ የሚጠየቅበት ነው። በ2019 በወጣ ዐዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለዚህ ሥራ የቆመ ነውና አስቀድሞ እርሱን መጠየቅ ይገባል። ወረቀትና እርሳስ ግን በየትኛውም አገር ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።

በመጽሐፈ ጦቢት የተጻፈውን ታሪክ ቤተ ሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ወጣቱ ጦብያ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ የመንገድ ጓደኛው ቅዱስ ሩፋኤል ነበር፤ ከእርሱ የሚበልጥ መሪም ጠባቂም አልነበረም። ጦብያ በሄደበት ደስታ አግኝቶ በዘገየ ጊዜ ግን፣ በቤት አባቱ ቀን ይቈጥር ነበር፤ እናቱ ሐናም ልጄ ሞተ ብላ እያለቀሰች በየቀኑ ወደ ሄደበት መንገድ ትመለከት ነበር። መልአክ አብሮት እንዳለ አላወቀችምና። በመላእክት ጥበቃ የሚሄደው መንገደኛ እንኳ በቤት ለሚቀረው ሰው ሐሳብ ይተዋል። በቅዱስ ሩፋኤል ስም በሚጠራው በዚያ የዐለት አገር ያደርሁባት ሌሊት ይህን ታሪክ አዲስ አድርጋ አስተማረችኝ።

ወደ ዴንቨር በተመለስን ቀን የወንድሜ ሚስት ወቀሳ አላበዛችም። እግር አስታጥባ፣ ምሳ አቀረበች። ከምሳ በኋላ ወንድሜ ራሱ ያን ባዶ ወረቀት ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንሥቶ፣ በላዩ «መንገድ፣ ማደሪያ፣ የምንደውልበት ሰዓት፣ እርዳታ የሚጠራበት ሰዓት» ብሎ አራት መሥመር ጻፈና በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈው። ማጠናከሪያውን ከጣራው ላይ አላነሣውም፤ ማንሣትም አይገባውም፤ ጥሩ መሣሪያ ነው። አሁን ግን ከቤት ሲወጣ አስቀድሞ የሚሞላው ወረቀቱን ነው። ልጁም አባቱ መሞላቱን እንዳይረሳ ተቈጣጣሪ ሆኖ ተሾሟል፤ ሹመቱንም በታላቅ ጥብቅነት እንደሚሠራበት በስልክ ነግሮኛል።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በመኪናህ ጣራ ላይ የፈለግኸውን ትከል፤ በቤትህ ግን ቃልህን ትከል። የመንገደኞች ጠባቂ እግዚአብሔር መውጣታችንንም መግባታችንንም ይባርክልን። አሜን።